ምስጥ ያልገባበት ቤት

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ አቶ ጥላዬ ግን ልጥ በሌለበት አገር ሠላሳ ዓመት ሲበረግጉ ኖረዋል። በወጣትነታቸው መንዲ ላይ የሠሩትን የመጀመሪያ ቤት ምስጥ በልቶባቸዋል። የበሩ ቀለም እንደ አዲስ ያበራ ነበር፤ አንድ ቀን ሲገፉት ግን ጣታቸው ገብቶ በማዶ ወጣ።

ተግባረ እድ የተማሩ አናጢ ናቸውና ለንደን ኬንቲሽ ታውን ያለውን አሮጌ ቤት ሲገዙ ስለ ማሞቂያው አልጠየቁም። ዙሪያውን ዞረው ከግድግዳው ግርጌ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው አምስት ጡቦች አገኙ። የምስጥ በር ማለት ይኸው ነው ብለው በሲሚንቶ ደፈኗቸው፤ በውሃ ልክ ለክተው ለሰኗቸው። የአጥሩንም ቋሚዎች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡ። ጎረቤት ስለ ሽታው ለሰፈሩ አስተዳደር ለካውንስል ሲያመለክት፣ ምስጡ የመጣ ቀን ያመሰግነኛል አሉ።

ባለፈው ዓመት የልጃቸው የሔርሜላ ወዳጅ ሌዊ ራት ተጋበዘ። ሥራው ቤት ሰርቬይ ማድረግ፣ የቤት ጉዳት መመርመር ነው። ሳሎን ሲገባ ወለሉን ሁለቴ ረገጥ ረገጥ አድርጎ አሸተተ።

«ጋሼ፣ ለንደን ምስጥ የለም። ጡቦቹ ከወለሉ ሥር አየር የሚያስገቡ ናቸው፤ ቢከፍቷቸው ይሻላል። እንጨቱ ታፍኖ እየበሰበሰ ነው።»

 አቶ ጥላዬ ልጁ ከሄደ በኋላ ለባለቤታቸው ለሸዋረጋ፣ ገና አማች ሳይሆን ቤቴን ቼክ ላደረገ ሰው ልጄን አልሰጥም አሉ። ሔርሜላ ሰምታ አለቀሰች።

ሌዊ ግን ሽማግሌ ላከ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ከሳሎኑ መካከል ቆሙ፤ ቃል ሳይሰጣቸው አይቀመጡም። አለቃቸው አቶ ገብረ መድኅን የኬኒንግተን ሰፈር ሰው ናቸው፤ ብቻቸውን መቶ ሃያ ኪሎ ይሆናሉ። አቶ ጥላዬም በደንብ አቁመዋቸው፣ ዘመድ ላማክር ብለው ለፋሲካ ሊቀጥሯቸው አስበው ነበር።

የልጁን አያት ስም እየጠየቁ ሳለ ከሥር «ሲጥ» አለ። የአናጢ ጆሮ ነውና ቀድመው ሰሙ። ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው ጥግ ወረወሩ፤ በግድግዳውና በወለሉ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተከፍቷል።

«እባካችሁ ተቀመጡ» አሉ።

«ቃል ሳንሰማ?» አሉ አቶ ገብረ መድኅን።

«እሺ፣ መስኮቱ ጋ ቁሙ።»

«ከቆምንበት ንቅንቅ አንልም።» ይህን ሲሉ ሦስቱም ቃላቸውን ለማጽናት እግራቸውን ወለሉ ላይ ተከል አደረጉ። ወለሉ በአንድ ጣት ወረደ።

«ሰጥቻለሁ» አሉ አቶ ጥላዬ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። አሁን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያላችሁ፣ ወደ ኮሪደሩ።»

ሸዋረጋ እልል አለች። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ቶሎ የተረታ አባት አይተው አያውቁም፤ ምርቃቱንም ኮሪደር ላይ ቆመው አደረሱት።

በሳምንቱ ሌዊና አቶ ጥላዬ በመሮና በመዶሻ አምስቱን ጡቦች ከፈቱ። አቶ ጥላዬ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ባትሪ አብርተው ወደ ውስጥ አዩ። አንድም ምስጥ የለም። ከዚያ ከኪሳቸው ለክተው የቆረጡትን ደቃቅ የሽቦ ወንፊት አውጥተው በየቀዳዳው አፍ ላይ መቱት።

ሌዊ አንዱን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ጥሩ ነው ጋሼ» አለ፤ «አይጥም አያስገባም።»