ኳሷ ሐይቅ ስትገባ

ተከላካይ ብቻ ያለው ቡድን ዋንጫ ይበላል? አይበላም! ዛሬም አቋሜ ይኸው ነው።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሰፈራችን ቡድን አጥቂ ነበርኩ። ሜዳችን ውሃው ዳር ነው። አምበላችን፣ ዓሣ አጥማጁ የመሀል ተከላካይ፣ ጫና ሲበዛበት ኳሷን ሐይቁ ውስጥ ይለጋታል። ታንኳ ሄዶ እስኪያመጣት ተከላካዮቻችን ሣሩ ላይ ተዘርግተው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። እኔ ከፊት ብቻዬን ቆሜ እንጨረጨራለሁ።

«እስቲ አንዳንዴ እንኳ ወደ እኔ ልጋት!» እለዋለሁ።

«አብሽር፣ ካልገባብን አንሸነፍም» ይለኛል።

እውነትም አንዲት ጎል ሳይገባብን ለፍጻሜ ደረስንና በመለያ ምት ተሸነፍን። አኮረፍኩት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ገሚሳችን ወደ ደሴ፣ ገሚሳችን ከዚያም አልፈን ተሰደድን። ወደ ቀያችን ስንመለስ ቶሎ ብለን ግጥሚያ ያዝን። ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉልን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አልን። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ አምበላችን እንደ ልማዱ ኳሷን ሐይቅ ከተታት። ልቆጣ ዞር ስል ሁሉም ሣሩ ላይ ተዘርግተዋል፤ ከመካከላቸው አንድም የጎደለ የለም።

አልሐምዱሊላህ ብዬ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ታንኳው እንዲዘገይ ስመኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።