አባባ ሐይቅ የገቡበት እሑድ

ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ ጎሮ አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ቀረን። ከፊቴ የነበረችው ትንሽ መኪና የኋላ መስታወቷ በፕላስቲክ መንሳፈፊያ ተሞልቷል፤ ሮዝ፣ ቢጫ፣ አንዱ እንዲያውም የዳክዬ አንገት ያለው። በመሃሉ ሁለት ሕፃናት ተጣብቀው ምላሳቸውን አወጡብኝ። እኔም አወጣሁባቸው። ሃምሳ ዓመት ላለፋት የሒሳብ አስተማሪ የሚገባ ሥራ አይደለም፤ ግን መንገድ ሲዘጋ ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ቢሾፍቱ የሚሄዱ መሰለኝ። በፈጣኑ መንገድ ከወጡ ልጆቹ ሳይርባቸው ይደርሳሉ።

እኛ ቤት መንሳፈፊያ ማለት ጥቁር የከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ነበር። አባቴ ጎሚስታ ነበሩ። መገናኛ፣ ዛሬ ባቡሩ ከሚያልፍበት ብዙም ሳይርቅ፣ አሮጌ ጎማ እንደ ግንብ የተደረደረባት አንዲት ቤት ነበረቻቸው፤ እኛም ከኋላዋ እንኖር ነበር። ሥራቸውን ማየት እወድ ነበር። የተነፈሰውን ጎማ ይነፉና በትልቅ የብረት ሳፋ ውሃ ውስጥ እየደፈቁ ቀስ ብለው ያዞሩታል። አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ቀዳዳው እዚያ ነው። ጣታቸውን ጫን አድርገው በጠመኔ ያከብቡታል፣ በሞረድ ይፍቁታል፣ ይለጥፉታል። በእሳቸው እጅ የተለጠፈ ጎማ ዳግመኛ አይተነፍስም ይባል ነበር፤ ይህንን አብዝተው የሚሉት ግን ራሳቸው አባባ ናቸው።

ጉራ ይወዱ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ከሁሉም የሚወዱት የወንዝ ወሬያቸውን ነው። በጎረምሳነታቸው፣ አገር ቤት ሳሉ፣ በክረምት የሞላ ወንዝ ጥጃ ተሸክመው በዋና ተሻገሩ። ወሬው በተነገረ ቁጥር ጥጃው እያደገ ሄዶ እኔ አሥረኛ ክፍል ስደርስ ወይፈን ሆኖ ነበር። ዘወትር የሚሰሟቸው ጎረቤታችን አቶ ሐጎስ ነበሩ። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፣ የመቀሌ ሰው፣ ቀልድ አዋቂ። «ወልዴ፣ ይህ ወይፈን በሬ ሳይሆን አንድ ቀን ውሃ ላይ እንይህ» ይሏቸው ነበር።

አሥረኛ ክፍል የገባሁበት ያ ዓመት መስቀልን አገር ቤት ያልገባንበት ዓመት ነው። የጉራጌ ቤት ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አባባ ቤታቸውን ሊያሰፉ ግድግዳ አፍርሰው ስለነበር ጥለውት መሄድ አልቻሉም፤ እማዬም አኩርፋ ሰነበተች። በመስቀል ሳምንት አቶ ሐጎስ፣ «በእኔ ፒካፕ ደብረ ዘይት ወርደን ሐይቅ ዳር ምሳ እንብላ፤ ወልዴም ዋናውን ያሳየን» አሉ። አባባ ሳቁ። ዛሬ ሳስበው ሳቁ ትንሽ ቀጥኖ ነበር።

እኔም ምስጢር ነበረኝ። ክረምት ክረምት ሐዋሳ አክስቴ ዘንድ እላክ ነበር፤ እዚያ ከአክስቴ ልጆች ጋር ተደብቄ ዋና ለምጃለሁ። እማዬ ይህን ብትሰማ ዓለም ይደባለቃል። ሐይቅ በየዓመቱ የሰው ድርሻ አለው፣ ሳይወስድ አይተኛም ብላ በእውነት ታምናለች። ሐዋሳ የምትልከኝም «ውሃው አጠገብ አትደርሺም» ብላ አስምላ ነው። እኔ ደግሞ ሐዋሳን ካጣሁ ክረምቱን እንዴት እንደምገፋው አላውቅም ነበር። ዓመቱን ሙሉ የምጠብቃት ነገር ያቺ ውሃ ነበረች።

እሑድ ጠዋት ተነሳን። እማዬ ከአባባና ከአቶ ሐጎስ ጋር ጋቢና ገባች፤ እኔና የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሜ ደረጀ ከኋላ ከዕቃው ጋር ተጫንን። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ አይብ፣ በቅቤ የራሰ የክትፎ ቅመም ሽታ፣ አቶ ሐጎስ ያመጡት ትልቅ ሕምባሻ። ለስላሳዎቹ በረዶ ተደርጎባቸው አባባ ጎማ በሚፈትሹበት ሳፋ ውስጥ ተቀምጠዋል። እማዬ ሌላ የሚበቃ ዕቃ ስላጣች ሳፋውን ከዋዜማው ጀምራ በአመድና በሳሙና ፈትጋ ነጥቃቸዋለች። አባባም ጠዋት ከክምሩ አንድ ትልቅ የውስጥ ጎማ መዘው፣ ነፍተው፣ በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ አድርገው «ይሄ አንበሳ ነው» አሉና ጫኑት። ለሰው ጎማ ቢሆን ውሃ ውስጥ ሳይደፍቁ ከእጃቸው አይወጣም ነበር።

ቃሊቲን አልፈን አቃቂን ስንሻገር ነፋሱ ተለወጠ። ከዱከም በኋላ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ በየዳሩ አደይ አበባ ፈንድቷል። ደረጀ በነፋሱ ላይ እየጮኸ ይዘፍናል። እማዬ እንኳ ከጋቢናው እጇን አውጥታ አበባውን ስታሳየን ኩርፊያዋ ማለፉን አወቅን።

ባቦጋያ ሐይቅ ዳር፣ ከግራር ሥር ምንጣፍ አነጠፍን። ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ዳሩ ላይ ሁለት ሦስት እርምጃ ያስኬድና ድንገት ይጎደጉዳል፤ እማዬ ይህን ከሰው ሰምታ ስለነበር «ከጉልበት በላይ የገባ የእኔ ልጅ አይደለም» ብላ ዐዋጅ አወጀች። ክትፎው ተበላ። ለስላሳው ተጠጣ። አቶ ሐጎስ አፋቸውን ጠረጉና «እሺ ወልዴ፣ ወይፈኑስ?» አሉ።

አባባ ወዲያና ወዲህ አዩ። ከዚያ ሸሚዛቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ጠቀለሉ፣ ጎማውን አንስተው ገቡ። «መጀመሪያ ሰውነቴን ላሟሙቀው» አሉና ጎማው ላይ በደረታቸው ተጋደሙ። በእጃቸው እየቀዘፉ ራቁ። አላማሩም አልልም። አቶ ሐጎስ አጨበጨቡ፤ አባባም ሲጨበጨብላቸው ይበልጥ ቀዘፉ። የቤታችንን ግቢ ስፋት ሁለቴ ያህል ሲርቁ ቆሙና እጃቸውን አውለበለቡ።

ደረጀም አውለበለበላቸው። እማዬ «አባታችሁን ደስ አለው» ብላ ፈገግ አለች። እኔም እጄን ላነሳ ስል ከጎማው ጎን ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል አየሁ። አባባም አንገታቸውን ሰብረው እሱኑ ነበር የሚያዩት፤ ሳፋው ላይ ሲያቀረቅሩ እንደማውቃቸው። ቀና ሲሉ ከንፈራቸው ይስቃል፣ ዓይናቸው ግን ሌላ ነው። እንደገና እጃቸውን አውለበለቡ። «ድረሱልኝ» ማለትን አላወቁበትም።

ብጮህ አቶ ሐጎስ ፊት አዋረድኳቸው። ዝም ብል ደግሞ ጎማው ጊዜ አይሰጥም። ብገባ ሐዋሳ ቀረች። ይህን ሁሉ ቆሜ ያሰብኩት ይመስለኛል እንጂ ሳላስበው ነው ከነቀሚሴ የገባሁት። ከኋላዬ እማዬ «አስቴር!» ብላ ስትጮኽ ሰማሁ። ጩኸቷ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ስደርስ ጎማው አንድ ጎኑ ሟሽሿል። አባባ አገጫቸው ውሃውን እየነካ አቅፈውታል።

«አባባ፣ እየተነፈሰ ነው?»

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል። ትንሽ ናት። ከቫልቩ ሥር ናት።»

እየሰመጡ የቀዳዳውን ቦታ ይነግሩኛል! በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

«ይልቀቁትና ይዋኙ፣ እኔ አጠገብዎ ነኝ» አልኳቸው።

ጎማውን ይበልጥ አጥብቀው ያዙ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ «አልችልም» አሉ። «ወንዙ ጉልበቴ ድረስ ነበር። ጥጃ የሚባልም አልነበረም።»

አባቴ «አልችልም» ሲሉ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እጃቸውን ይዤ አውራ ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አስደገፍኩ። «እንደ ሱቁ ጫን ያድርጉት፤ በእግርዎ እንደ እኔ ይምቱ» አልኩና በሌላኛው ጎን ይዤ ወደ ዳር መግፋት ጀመርኩ። ጣታቸው አልተነቃነቀችም። አረፋው ቆመ። ቀስ እያልን፣ እንደሚጫወት ሰው፣ ዳር ደረስን። መሬቱ እግራቸውን ሲነካ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እማዬ ግን የእሳቸውን አላየችም። ያየችው እኔን ነው። ክንዴን ይዛ ነቀነቀችኝ፣ ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች። «ማን አስተማረሽ? ሐዋሳ ነው አይደል? ማልሽልኝ እኮ! ከእንግዲህ ሐዋሳን በዓይንሽ አታዪያትም!» እኔም ዝም አልኩ። አባባን አላየኋቸውም። እንዲናገሩልኝ አልጠበቅኩም፤ ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው ሰው አልነበረም። አቶ ሐጎስ እንኳ ፎጣ ይዘው «ጎበዝ ወልዴ፣ ከልጅህ ጋር ተወዳደርክ!» ይሏቸው ነበር።

አባባ ፎጣውን አልተቀበሉም። «ተዪያት» አሏት እማዬን። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «ጎማው ተንፍሶብኝ ነው። እኔ ዋና አልችልም፤ ችዬም አላውቅም። ይቺ ልጅ ባትገባ አሁን የምታለቅሺው ለእኔ ነበር።»

ደረጀ አፉን ከፍቶ ቀረ። እማዬ መጀመሪያ አባባን፣ ቀጥላ እኔን አየች፤ ከዚያ ሁለታችንንም ባንድ ነጠላ ለመሸፈን መታገል ጀመረች፣ አልበቃንም። አባባ አቶ ሐጎስን ቀና ብለው ማየት አቅቷቸዋል። የሃያ ዓመት ወሬያቸው ነው እዚያ አሸዋ ላይ የፈሰሰው።

አቶ ሐጎስ ፎጣውን አጣጠፉ፣ ዘረጉ፣ እንደገና አጣጠፉ። በመጨረሻ «እኔስ ብሆን ከእግሬ በላይ ገብቼ አላውቅም» አሉ። «አንተ ስትሰምጥ ምን ላደርግልህ ነበር ያመጣሁህ?» አሉና ራሳቸውን ያዙ።

መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። እንባዋ ሳይደርቅ።

በቀጣዩ ወር እንደገና ወረድን፣ ከዚያም ደግመን ወረድን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ውሃው ጉልበታቸው ላይ በሚደርስበት ቦታ በሆዳቸው ተኝተው እኔ አገጫቸውን ይዤ «ይምቱ፣ ይምቱ፣ ጉልበትዎን አያጥፉ» እላለሁ። እማዬ ዳር ላይ ቆማ ትቆጣጠራለች፤ ሐዋሳም አልቀረችብኝም። አቶ ሐጎስ ቶሎ ለመዱ። አባባ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ከሰባት ቀዘፋ አላለፉም። ሰባቷን ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይናገሩ ነበር፤ ስምንት ብለው አያውቁም።

እሑድ ዕለት መንገዱ ተከፍቶ ልጆቹ ከፊቴ ሲርቁ ያሰብኩት ያንን ዝምታ ነው፤ አባባ ከመናገራቸው በፊት የነበረውን። እሳቸው ከዚያ ዝምታ ወጥተዋል። እኔ የት እንዳለሁ ሳስብ ግን አፈርኩ። የመጨረሻ ልጄ ሜሮን ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወስዳ ውጤት ትጠብቃለች። ሳምንቱን ሙሉ ከክፍሏ አልወጣችም፣ እህልም አታስገባም። «እንዳንቺ ካላመጣሁስ?» ትለኛለች። ልጆቼን ያሳደግኳቸው ማትሪክን ባንድ ጊዜ፣ በከፍተኛ ነጥብ እንዳለፍኩ እየነገርኩ ነው። ለማበረታታት ብዬ ነበር። መምህርት አይደለሁ?

ቤት እንደገባሁ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ክፍሏ ገባሁና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሜሮንዬ፣ እኔ ማትሪክን ወድቄአለሁ» አልኳት። «ያለፍኩት በሁለተኛው ነው።»

ብርድ ልብሱን ከፊቷ ላይ ገለጠች።

«የመጀመሪያው ስንት ነበር?»

ነገርኳት። በሒሳብ ያገኘሁትንም ጭምር።

«በሒሳብ?» አለች። ትራሷን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። ትስቅ ነበር። ከዚያ ተነስታ እግሯን ወደ ጫማዋ እየሰደደች፣ «ምሳ አለ እንዴ?» አለችኝ።