የአስታማሚዎች አንቀጽ

ታላቅ እህቴ የምትኖረው አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ነው፤ እኔ አሜሪካ፣ ስቶን ማውንቴን። ባሏን ስትሮክ መታቸውና ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ሲላቸው፣ እህቴ የሥራ ሰዓቷን ቀንሳ ማስታመም ጀመረች። ማንሳቱም፣ ማጠቡም፣ ማጉረሱም በእሷ እጅ ሆነ። እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው። ወላጆቻችን ሲሞቱ ልጅ ነበርኩ፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

እህቴ ፖለቲካ ውስጥ ትገባለች ብዬ አስቤ አላውቅም። አንድ ቀን ስደውልላት ባቡር ጣቢያ ቆማ ወረቀት ታድላለች።

«የምን ወረቀት?»

«የፓርቲያችን ነዋ!»

ሳቅኩባት። ስሙን እንኳ ሰምቼው የማላውቅ ትንሽ ፓርቲ ነበር።

«አንቺ ያለሽበት አገር ያሉት ትልልቆቹ ሁለት ፓርቲዎች ብቻ ስለሆኑ አይገባሽም» አለችኝ። «እዚህ መንግሥት በላይኛው ምክር ቤት ብቻውን ድምፅ አይሞላለትም። አዲሱን የታክስ ሕግ ለማሳለፍ የእኛን ሴናተር ደጅ መጥናት አለበት።»

ፓርቲው ድምፁን ለመስጠት ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ፣ ቤቱ ውስጥ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ታክስ እንዲቀነስለት ነበር። እህቴ ያ ቢሳካ ምን እንደምታደርግ አስቀድማ ወስናለች። በሳምንት አንድ ቀን ረዳት ትቀጥራለች፤ በዚያ ቀን ትተኛለች። ከዚያ ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

ሴናተሯ ራሷ አንድ ቀን ቤታቸው መጣች። ከጋሼ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ እጃቸውን ይዛ፣ «ይህ አንቀጽ ካልገባ እጄን አላወጣም» አለች። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ እንደ ልጅ ሆኖ ነበር።

ድምፅ በሚሰጥበት ዕለት እኔ ብሩክሄቨን ከምሠራበት ሱቅ ሺፍቴን ጨርሼ መውጣቴ ነው። እነሱ ጋ ማግስቱ ጠዋት ነው። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስደውል፣ እህቴ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ከጋሼ ጋር ቴሌቪዥን ታያለች። ሴናተሯ ተነሳች። መንግሥት ለትንንሽ ሱቆች የታክስ ቅናሽ ለማድረግ መስማማቱን፣ ስለዚህ ፓርቲዋ ሕጉን እንደሚደግፍ ተናገረች። የአስታማሚዎች ጉዳይ ወደፊት ይታያል አለች። አጨበጨቡላት።

ጋሼ ከስትሮኩ ወዲህ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸዋል። በዚያ በተሳሰረ አንደበታቸው፣ «ሰጡን?» ሲሉ ሰማሁ።

«ሰጡን» አለቻቸው።

አጠገቧ ብሆን አቅፋት ነበር። መሪውን ጨብጬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ረዳቷ መቼ ነው የምትመጣው እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። እህቴ ወረፋ ነው ትላቸዋለች። እኔን ስልክ ላይ ሲያገኙኝ፣ «እህትሽን ንገሪያት፣ ትረፍ እንጂ» ይሉኛል። እሺ ጋሼ እላለሁ፤ ሌላ ምን ልበል? ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። መሄድ አልቻልኩም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቴ ገና በሂደት ላይ ስለነበር ከወጣሁ መመለሴ አጠራጣሪ ነበር። እዚሁ አፓርታማዬ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥኩ፤ ከስኔልቪል ድረስ እየነዱ የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አብረውኝ ዋሉ።

ሴናተሯም እህቴ ጋ ለቅሶ መጥታ ኖሯል።

«ብቻዋን መጣች» አለችኝ። «ያን ቀን እምቢ ብል መንግሥት ወደ ሌላው ትንሽ ፓርቲ ይሄድ ነበር፤ ለማንም ምንም ሳላስገኝ ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ታለቅሳለች። ምሳ አቀረብኩላት።»

እኔ ተናደድኩ፤ እህቴ ግን ለመናደድም አቅም ያጣች ትመስል ነበር።

በሚቀጥለው ምርጫ ሴናተሯ ወንበሯን አጣች። እህቴ ነች ደውላ የነገረችኝ። ደስ ብሏት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ኧረ አላለኝም» አለች። «የመረጥኩትም እሷን ነው። እንደ እኔ ያሉት ሴቶች እኮ አሁንም አሉ፤ ማን ይናገርላቸዋል?»

ከጀርባዋ የአውቶቡስ ድምፅ ይሰማል፤ አሁን ሙሉ ሰዓት ነው የምትሠራው። አውቶቡሱ ደረሰልኝ ብላ ስልኩን ዘጋችው።