ጥጡ ይቅደም ያልንበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን በቅርቡ የተቀጠረች ልጅ የጻፈችውን ፕሮግራም አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ይሄ አጻጻፍ እንዴት ደስ ይላል፤ እንደ ወሬ ነው የሚነበበው» አለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ያንን አጻጻፍ ለፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ ባለቤቶች ያቀረብነው እኔና አብራኝ የተማረችው ዘይነባ ነን፤ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ዓመት አልሞላንም ነበር። የአቃቂ የክረምት ጭቃ ጫማ ያስቀራል፤ እኛ አባቷ ሱቅ ጓሮ ቁጭ ብለን የበቆሎ ጥብስ እየፈለፈልን እንከራከራለን። ቋንቋው ሁሉንም ነገር በፈንክሽን ነበር የሚሠራው፤ ፈንክሽን ማለት የሰጡትን ተቀብሎ ሌላ ነገር አድርጎ የሚመልስ ትንሽ ትእዛዝ ነው። ሦስት አራቱ ሲደራረቡ ታዲያ የሚነበቡት ከውስጥ ወደ ውጭ ነበር። ዘይነባ ለአባቷ ልታስረዳ ወረቀት ላይ ጻፈችላቸው፦

ንከር(ሸምን(ፍተል(ጥጥ)))

ጋሽ ከድር ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት ዕድሜያቸውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጨረሱ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ጥጡ መጨረሻ ነው እንዴ የሚገባው? እኛ ጋ እንዲህ ያደረገ በዚያው ቀን ይባረር ነበር።»

እኔ ሳቅሁ። ዘይነባ ግን ወረቀቱን ገልብጣ ጥጡን አስቀድማ፣ ትእዛዞቹን በተራቸው ከኋላው ደረደረቻቸው። «በቃ፣ ይሄው ነው» አለች። እኔ ገና እየሳቅሁ ነበር።

ሐሳቡን በእንግሊዝኛ አስተካክዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የላክሁትም እኔው ነኝ፤ እሷ የአያቷ ለቅሶ ላይ ለመድረስ ስልጤ ወርዳ ሳለች። «አቅራቢ» በሚለው ቦታ የራሴን ስም ብቻ አስገባሁ። ስትመለስ እጨምራታለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ስሜ ብቻውን ተጽፎ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሳባችን ከብዙ ክርክር በኋላ ተቀባይነት አገኘ። ዘይነባ አንብባው ሱቁ በር ላይ ጠበቀችኝ። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«አባቴን ሳይቀር ጠቅሰሃቸዋል፤ ‹አንድ የአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኛ› ብለህ። እኔስ የት ነኝ?»

«እጨምርሻለሁ» አልኳት።

«ጨምረኝ ብዬ አልለምንህም።»

ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቁ ስሄድ ጋሽ ከድር እንደ ወትሯቸው ሰላም ይሉኛል፤ እሷ ወደ ጓዳ ትገባለች። ቀስ በቀስ መሄዴን ተውኩ። ስሟን ማስገባት ጥፋቴን በአደባባይ ማመን መስሎ ስለታየኝ፣ ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ።

ልጅቷ ፕሮግራሟን ባሳየችኝ ዕለት የዘይነባን ስም እንዲያስገቡ ለቋንቋው ባለቤቶች ጻፍኩ። በማግስቱ «ተስተካክሏል» የሚል መልስ መጣ። ያን ሁሉ ዘመን የፈራሁት የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩና ነገርኳት።

«አባባ በሕይወት ቢኖሩ አሳያቸው ነበር» አለችኝ። ከዚያ ደኅና ዋል ብላ ዘጋችው።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የወሰድኩባት ስሟን ብቻ መስሎኝ ነበር።