ወንድሜን የነኩት ሽማግሌ

እኔንና ታላቅ ወንድሜን ከአንድ ቤት ነው የወሰዱን። እሱ ስብሰባ ላይ ተናግሮ ነበር፤ እኔ ወንድሙ ነበርኩ። የእስር ቤቱ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ የላብ ሽታ ነው። ወለሉ በሰው ተሞልቷል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ማንንም ሳይነኩ ግድግዳ ተጠግተው የተነከረ ሽምብራ ይቆረጥማሉ።

"አባ አትንኩኝ፣ ዛሬም ሽምብራ?" አላቸው አንድ የባጃጅ ሹፌር።

"ጥርሴን አይተህ ቀንተህ ነው።"

ነገራቸው ገረመኝ። ቀስ እያልኩ ጠየቅኋቸው። ከቤተ እስራኤል ወገን ናቸው፤ በሥርዓታቸው ከሌላ እምነት ሰው ጋር አይነካኩም። አያታቸው የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ፤ በጣሊያን ጊዜ ታስረው፣ ሌላ እጅ ያበሰለውን አልበላም ብለው በጥሬ ሽምብራ ከረሙ። ሬሳ የነካም ሰባት ቀን ከሰው ይለያል አሉኝ።

"ታዲያ አያትዎ አጠገባቸው እስረኛ ሲሞት ምን አደረጉ?"

"አንተ ልጅ፣ ጥያቄህ አያልቅም" ብለው ሳቁ።

ወንድሜ ሳል ይዞት ነበር። ሐኪም ለመንን፤ አልመጣም። አንድ ጠዋት ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ እንዳለ ትንፋሹ ቆመ። ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ አይቶ "ጎትታችሁ አውጡት" አለ። በሽታውን ፈርቶ የተጠጋ የለም። እኔ እንዳይጎትቱት አቅፌው ቀረሁ።

ሽማግሌው ተነሡ። የመጠጥ ውሃቸውን ይዘው መጡ። ዓይኑን ከደኑ፣ ፊቱን አጠቡ፣ አገጩን ከነጠላቸው በቀደዱት ጨርቅ አሰሩ።

"በእግሩ በኩል ያዝ። ተሸክመን ነው የምናወጣው።"

ተሸክመን አወጣነው።

ስንመለስ "አያቴም እንዲህ አደረጉ" አሉ። ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ከሽንት ባልዲው አጠገብ ለብቻቸው ተቀመጡ። እኔም ነክቼዋለሁና ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጴንጤ ነኝ፤ ሥርዓቱ የኔ አልነበረም። ሰዉ ተጣብቦ እግሩን ሰበሰበልን። ሹፌሩ ሽምብራውን መሬት አስቀምጦ "አባባ፣ ይብሉ" አላቸው። ሰባቱን ቀን የወንድሜ የለቅሶ ድንኳን ያ ጥግ ሆነ።

አሁን አሜሪካ፣ ሲያትል ነኝ፤ ማውንትሌክ ቴራስ በምትባል አጎራባች ከተማ፣ መጦሪያ ቤት ውስጥ አረጋውያን እንከባከባለሁ። ሰው ሲሞት በጓንት እናጥባለን። ከዚያ አለቃዬ፣ ያገሬ ልጅ ናት፣ "ኦኬ፣ ሶ ቀጣዩ ሩም" ትላለች። "አንዴ፣ እህቴ" እላታለሁ። እጄን ታጥቤ ጥቂት ለብቻዬ እቀመጣለሁ። ሽማግሌው በእነዚያ ሰባት ቀናት የሚያስቡት ወንድሜን ነበር ወይስ አያታቸውን? ያን ሁሉ ጠይቄያቸው ይህን ሳልጠይቃቸው ከእስር ተፈታሁ።