ለሙከራ የተላከው መልእክት

ሰፈርተኛው «እንቆቅልሽ» እያለ ነው የሚጠራት። ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት፤ የሰው ልብም እንደ ኮምፒውተር ተፈቶ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልሸወዳት ነበር። ሱቁን የከፈተችው ከልጅነት ጓደኛዋ ጋር ነው። እሷ ትጠግናለች፣ ጓደኛዋ ትተይባለች፣ ስልክ ታነሳለች። ተማሪ ሳሉ ክፍል ውስጥ በወረቀት የሚላላኩት ፊደል እየዘለሉ ነበር፤ ቁልፉ፣ ማለትም የሚዘለለው ብዛት፣ ሁለት ከሆነ ሀ ሐ ይሆናል፣ ለ ደግሞ መ። መምህራኑ ወረቀቱን ቢነጥቋቸውም ጠብ የሚል ነገር አላገኙበትም።

ዘንድሮ አንድ ማሰልጠኛ ተቋም የኮምፒውተር መምህራን ፈለገ። ሁለቱም ተፈተኑ፤ «ወይ አብረን፣ ወይ ማናችንም» ተባባሉ። እንቆቅልሽ ሥራውን እንዴት እንደተመኘችው አይወራም። ውጤቱ ሳይነገራት ለምታስተምረው የመጀመሪያ ትምህርት ብላ ያንኑ የልጅነት ጨዋታ የሚሠራ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረች። መልእክት ይቆልፋል፤ ቁልፉ ካልታወቀም ሁሉንም እየሞከረ ይፈታል።

ጠዋት ሲሞከር ግን አልሆነም። ፐ ላይ ሲደርስ ወደ ሀ መዞር ትቶ ዝባዝንኬ ይተፋል። ጓደኛዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ይሄማ እንደ አንቺ ግትር ነው!»

ከምሳ በኋላ ስህተቱን አግኝታ አስተካከለችው። የገዛ በርን በገዛ ቁልፍ መክፈት ፈተና አይደለምና፣ «እስቲ የማላውቀውን ጻፊልኝ፤ ቁልፉን እንዳትነግሪኝ» አለቻት። መስተካከሉን አልነገረቻትም፤ ልታስደንቃት ፈልጋ ነው። ጓደኛዋ ከወዲያኛው ጠረጴዛ፣ እንደ ድሮው በጣቷ እየቆጠረች፣ ብዙ ቆይታ ላከችላት።

ፕሮግራሙ ቁልፎቹን ሁሉ እየሞከረ ከደረደራቸው መስመሮች አንዷ ብቻ የምትነበብ ሆና ወጣች፦

«ተቋሙ ደውሎ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ነው የምንቀጥረው፣ ጓደኛሽ በልጣለች አሉ። እሷ ትታዋለች አልኳቸው። ሰኞ እኔ እጀምራለሁ። ይቅር በይኝ።»

እንቆቅልሽ ክው አለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል የሌላ ሰው ፈረስ ይመስላት ነበር።

«ምነው፣ አሁንም አልፈታ አለ?» አለች ጓደኛዋ። ፊቷ ላይ እፎይታ ይነበባል። ከመልእክቱ ይልቅ አንጀቷን ያቆሰላት ይሄ እፎይታ ነው። ይቅርታውን የጻፈችው እንዳይነበብ ነዋ!

ስክሪኑን አዞረችላት። ጓደኛዋ አነበበች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ልጆች አሉኝ እኮ፣ እህቴ» አለች በስተመጨረሻ። «አንቺ ብቻሽን ነሽ፤ ምን ይጎድልባታል ብዬ ነው።»

«ብቻዬን አልነበርኩም» አለች እንቆቅልሽ። «አንቺ ነበርሽኝ።»