ጥያቄ አሥራ አራት

መረጃ ሰብሳቢነት የጀመርኩት ቦንጋ ውስጥ፣ ለክረምት በተዘጋ አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ ክሊፕቦርድ፣ ሁለት እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫና ዝናብ የማያስገባ የላስቲክ ቦርሳ ፈርሜ ተቀበልኩ። አሠልጣኙ ስለ ሥራው ክብር ምንም አልነገረንም። ሰሌዳው ላይ «ራስ አይነቀነቅም» ብሎ ጻፈና ጠመኔውን አስቀመጠ። ሰው የሚመልሰው የጠያቂውን ፊት እያየ ነው አለን።

ከሰዓት በኋላ ለልምምድ ገበያ ወጣን። ለእኔ የደረሰኝ አንድ ማር ሻጭ ነበር። ስንት ቀፎ እንዳለው ጠየቅኩት።

«አሥር።»

«አሥር ብቻ?»

ሰውየው ትንሽ አየኝና «እሺ፣ ሃያ በለው» አለኝ። ሃያ ብዬ ጻፍኩ። አሠልጣኙ ለካ ከኋላዬ ቆሟል። «ተጨማሪውን አሥር ቀፎ የሰጠኸው አንተ ነህ» ብሎ ቅጹን ቀደደው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ስለ ቀፎ፣ ስለ ቡና፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ሕፃናት ክትባት ጠይቄአለሁ። በደረጃ ከታች ያለው መረጃ ሰብሳቢ ነው። ከሱ በላይ ሱፐርቫይዘር፣ ከሱፐርቫይዘር በላይ ቦንጋ የሚቀመጥ አስተባባሪ አለ። ከአስተባባሪው በላይ ያሉት አዲስ አበባ ስለሆኑ አይተን አናውቅም። እኔ አብዛኛውን ዘመኔን ከታች ነበርኩ።

ጦራችን ሶማሊያ ከገባ ዓመት ካለፈ በኋላ ሌላ ዓይነት ቅጽ መጣ። ያስጠናው አንድ የአዲስ አበባ የጥናት ድርጅት ነው። ጥያቄ አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦ «ሠራዊታችን በሶማሊያ ያካሄደው ዘመቻ ተሳክቷል ብለው ያስባሉ?» አንድ፣ ተሳክቷል። ሁለት፣ አልተሳካም። ሦስት፣ አላውቅም። ጥያቄ አሥራ አምስት «ለምን?» የሚል ሆኖ ከሥሩ ሁለት ባዶ መስመር አለው።

ቅጹ በአማርኛ ነው፤ ገጠር ስንገባ ግን የምንጠይቀው በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ነው። መጀመሪያ የሠራነው ዋጫ አካባቢ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሱፐርቫይዘራችን ወይዘሮ የሺ የእኔንና የባልደረባዬን የጌታቸውን ቅጾች ጎን ለጎን ዘረጉ። ጥያቄ አሥራ አራት ላይ የእኔ ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ነው። የጌታቸው ሁሉም ሁለት።

«በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ነው የሠራችሁት» አሉ ወይዘሮ የሺ። «መንገዱ ድንበር ነው እንዴ?»

ነገሩን ስናጣራ «ተሳክቷል» የሚለውን ቃል ጌታቸው «ሥራው አልቋል ወይ?» ብሎ ይተረጉመዋል። ጦሩ ገና እዚያው ስለሆነ ሰዉ «አላለቀም» ይለዋል። እኔ ደግሞ «ወታደሮቻችን ጎበዞች ናቸው ወይ?» ለማለት የቀረበ ነገር እጠይቅ ኖሯል። ይህን እምቢ የሚል ከየት ይመጣል? ወይዘሮ የሺ አልተቆጡም። የሦስት ቀን ሥራችንን በሙሉ ሰረዙት። ግማሽ ቀን ተቀምጠን «የሄዱበት ጉዳይ ሆኖላቸዋል ወይ?» በሚለው ተስማማንና ከመጀመሪያው ቤት እንደገና ጀመርን።

ወይዘሮ የሺ እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። በእስክሪብቶ የተሞላ ቅጽ አይቀበሉም። የመልሱ ቁጥር፣ ማለትም ኮዱ፣ ከሳጥኑ ትንሽ ከወጣ ይመልሱታል። ከኋላቸው «ወይዘሮ ደንብ» እንላቸው ነበር፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከዋጫ በኋላ ጌሻ ወረዳ ሄድን። ከወረዳው ከተማ ከደካ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ኪዳኔ የሚባል ሚሊሻ አስጎብኚ ሆኖ ተመደበልኝ። ሥራው ቤቱን ማሳየትና ለባለቤቱ ማስተዋወቅ ነው። ከዚያ ከአጥር ውጭ ርቆ ይጠብቃል። ኪዳኔ አጥር ድረስ ይሄዳል፤ ግን አይርቅም። በመጀመሪያው ቀን እንዲርቅ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። በሁለተኛው ቀን ደከመኝና ተውኩት። በዚያ ቀን የጠየቅኳቸው ሁሉ ተሳክቷል ብለዋል።

የመጨረሻው ቤት የእትዬ አስካለ ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጓሮ እንሰት እየፋቁ ነበር። እጃቸውን ሳያቆሙ ጠይቅ አሉኝ። ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ስደርስ ቀና አሉ።

«ይህን የሚጠይቀው ማነው?»

«ከአዲስ አበባ ነው።»

«ልጄ በላይ እዚያ ነው ያለው። እሱን ጠየቃችሁት?»

«እሱን አንጠይቅም። ዕጣ የወጣው ለዚህ ቤት ነው።»

መፋቃቸውን ቀጠሉ። መልስ የለም ብዬ ልጽፍ ስል ተናገሩ።

«ዋና ከተማቸውን ያዝናት ብሎ ሬዲዮ የተናገረው ዓምና ነው። ባለፈው በላይ ደካ ስልክ ቤት አስጠርቶኝ ነበር። ያው እዚያው ከተማ ነን፣ ከግቢ ግን አንወጣም አለኝ። በያዝከው ቤት ውስጥ ከጓዳ መውጣት ካቃተህ ይዤዋለሁ ትላለህ?»

ራሴን አልነቀነቅኩም። ኮዱን እንዲነግሩኝ ብቻ ጠየቅኩ።

«አልተሳካም። ጻፍ።»

ጻፍኩ። ለምክንያቱ ሁለቱ መስመር አልበቃኝም፣ ወደ ገጹ ጠርዝ አወጣሁት። ቀና ስል የኪዳኔ ባርኔጣ ከአጥሩ በላይ ይታያል።

በማግስቱ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ገብሬ ቢሮ አስጠሩኝ። ኪዳኔ በሩ ላይ ቆሟል።

«ከቀበሌያችን አንድ የተበላሸ መልስ ወጥቷል ተብያለሁ» አሉ አቶ ገብሬ። «ቅጹን አምጣና እናስተካክለው። ሴትዮዋ የዘማች ቤተሰብ ናት። መሬቷን የልማት ቡድኑ ነው የሚያርስላት። እንዲህ ማለት አልነበረባትም።»

ስለ እርሻው ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነው የተናገሩት። ዛቻ መሆኑ ገባኝ። ደንቡ እንደሚለው የቅጹ የፊት ገጽ ስምና የቤት ቁጥር ስላለበት ዕለቱን ተገንጥሎ በፖስታ ይታሸጋል። እኔ አልገነጠልኩትም ነበር። ደክሞኝ ነገ ብዬ አሳድሬዋለሁ። ቦርሳው ትከሻዬ ላይ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ዚፑን ከፍቼ ነበር። እጄ ቅጹ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው «ሱፐርቫይዘሬ ሳያዩት አልሰጥም» ያልኩት። ድፍረት አልነበረም፤ ጊዜ መግዛት ነው።

ወይዘሮ የሺ ረፋዱ ላይ በድርጅቱ ፒካፕ ከደካ መጡ። አቶ ገብሬ የነገሩኝን ደገሙላቸው። ወይዘሮ የሺ እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ቅጹን ሰጠኋቸው። የፊት ገጹን ሲያዩ ወደ እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለከቱ። ገነጠሉት፣ ፖስታ ውስጥ ከተቱ፣ አሽገው ፈረሙበት። ከዚያ ወደ ኪዳኔ ዞሩ።

«ሴትዮዋ ያሉትን በጆሮህ ሰምተሃል?»

«አዎ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለ ኪዳኔ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«እንግዲያው ቃለ መጠይቁ ተሰርዟል» አሉ ወይዘሮ የሺ። እርሳሳቸውን አውጥተው ቅጹ ላይ በሰያፍ «የተሰረዘ» ብለው ጻፉ። «ሦስተኛ ሰው ከሰማ ቤቱ ከጥናቱ ይወጣል። ደንቡ ነው። አቶ ገብሬ፣ በቀበሌዎ የተበላሸ መልስ የለም። ሴትዮዋ አልተጠየቁም።»

አቶ ገብሬ የተሰረዘውን ቅጽ አዩ። «ወረዳ ቢጠይቀኝስ?»

«አልተጠየቁም ይበሉ። የተሰረዘበትን ምክንያት በደብዳቤ እሰጥዎታለሁ፤ አስጎብኚው ርቀቱን ሳይጠብቅ ስለቀረ የሚል። እርሻው ከተነካ ግን ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው።»

«የእርሻው ነገር እንዳለ ነው» አሉ አቶ ገብሬ ቶሎ ብለው። ያኔ ነው ሰውየውም ፈርተው እንደነበር የገባኝ።

ለተሰረዘ ቤት ተተኪ ይወሰዳል። ተተኪው በዝርዝሩ ላይ ቀጥሎ ያለው ቤት ነው። ወይዘሮ የሺ ዝርዝሩን በጣታቸው ወረዱና «የአቶ ገብሬ ቤት ነው» አሉ።

አቶ ገብሬን ቤታቸው ጓሮ፣ ቡናቸው መሃል ጠየቅኳቸው። ኪዳኔን ራሳቸው ወደ መንገድ አባረሩት። ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ስንደርስ መልሰው እኔን ጠየቁኝ።

«ይህን ማን ያየዋል?»

«ስምዎን ከመልስዎ ጋር ማንም አያይም።»

«ገጹን አሁኑኑ፣ እዚሁ ገንጥልልኝ።»

ገነጠልኩ። መለሱልኝ። ምን እንዳሉ ዛሬም አልናገርም። ቅጹ በደንቡ የተሞላ ነው።

የእትዬ አስካለን መናገር የቻልኩት በፈቃዳቸው ነው። ከመሄዴ በፊት መልሳቸው መሰረዙን ልነግራቸው ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነም አልደበቅኩም። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ታዲያ የኔን የት ጣላችሁት?»

«ፋይል ውስጥ ነው። አይቆጠርም።»

«አንተ ግን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ከተጠየቅህ ተናገር» አሉና የተፋቀውን እንሰት ይሸፍኑ ጀመር።

ሪፖርቱ ከወራት በኋላ ቦንጋ አዳራሽ ውስጥ ተነበበ። አብዛኛው ሕዝብ ዘመቻው ተሳክቷል ብሎ እንደሚያምን ይላል። ተጨበጨበ። ወይዘሮ የሺ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። አላጨበጨቡም፤ ማስታወሻቸው ላይ «ስንቱ ብቻውን ተጠየቀ?» ብለው ጽፈው አሳዩኝ። እዚያው «ወይዘሮ ደንብ» የሚለውን ስም ያወጣሁት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። «አውቃለሁ» አሉኝ።

ጦሩ ከሶማሊያ ወጣ። በላይ ተመለሰ፤ ግራ ጆሮው አይሰማም። ቦንጋ ባጃጅ ሲነዳ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳፍሮኛል። ስለ ዘመቻው ጠይቄው አላውቅም፤ ባጃጁ ውስጥ ሁልጊዜ ሌላ ተሳፋሪ ነበር።

ሥራውን አሁን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። አስጎብኚውን ድምፅ እስከማይሰማበት ድረስ አርቁት። እምቢ ካለ ቅጹን አትክፈቱ። ያን ቀን ኪዳኔን ሃያ እርምጃ አርቄው ቢሆን ኖሮ የእትዬ አስካለ መልስ ይቆጠር ነበር።